ስልኩ 4 ዲግሪ ሲል ማሳውን ውርጭ የሚመታው ለምንድን ነው?

ኅዳር ከተጋመሰ በኋላ በደጋው የአገራችን ክፍል የሚሰማው ወሬ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። አንደኛው «የዘንድሮው ብርድ ከወትሮው የተለየ ነው» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ትንበያው የተናገረውና ሰው ጠዋት ያየው አልገጥም ማለቱ ነው። የስልኩ መተግበሪያ ለነገ ንጋት 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ይላል፤ ጎህ ሲቀድ ግን ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሮ፣ ደጅ ያደረው የባልዲ ውኃ ስስ በረዶ ሠርቶ ይገኛል። ውኃ በረዶ የሚሆነው በ0 ዲግሪ መሆኑን ማንም ተማሪ ስለሚያውቅ፣ ብዙ ሰው ትንበያው ተሳስቷል ብሎ ይደመድማል። ይህ አንዳንዴ እውነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትንበያውም የሰውየውም ዓይን አልተሳሳቱም፤ አንዱ የሚናገረው ስለ አንድ ነገር፣ ሌላው ያየው ሌላ ነገር ነው። ልዩነቱ ከምን እንደሚመጣ ለመረዳት መጀመሪያ ብርዱ ራሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል።

በጋ የተባለው ወቅት ለምን ይቀዘቅዛል?

ግራ መጋባቱ ከስም ይጀምራል። በባሕላዊው አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ይባላል፤ በጋ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች ግን ዓመቱን የሚከፍሉት ለሦስት ነው፤ በእነሱ አነጋገር በጋ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘልቃል። በመሆኑም የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በኅዳር ወር የበጋውን ሁኔታ ሲገልጽ የሌሊቱና የማለዳው ቅዝቃዜ እንደሚጠናከር ቢናገር፣ በጋን ከፀሐይ ጋር ብቻ አያይዞ ያደገ አድማጭ ነገሩ እርስ በርሱ የተጋጨ ቢመስለው አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን አይጋጭም። አዲስ አበባን ለምሳሌ ብንወስድ፣ ዝናቡና ደመናው በሚበረታበት በሐምሌ የሌሊቱ ዝቅተኛ ሙቀት በአማካይ በ10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ 7 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የቀኑ ሙቀት ደግሞ በተቃራኒው በኅዳር ከሐምሌው ይበልጣል። ክረምት ቀኑን ያቀዘቅዛል፣ መፀው ሌሊቱን። በማለዳ ካፖርት ደራርቦ የወጣ ሰው ቀትር ላይ ካፖርቱን በክንዱ አንጠልጥሎ የሚታየው ለዚህ ነው።

ምክንያቱ ከደመናና ከእርጥበት ጋር የተያያዘ ነው። ምድር ቀን ከፀሐይ የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት በዓይን በማይታይ ጨረር አማካይነት ወደ ሰማይ ትመልሳለች። ይህ ጨረር «ረጅም ሞገድ ጨረር» ይባላል፤ ከጋለ ምጣድ ራቅ ብሎ የቆመ ሰው ፊቱ ላይ የሚሰማው ሙቀት ከዚሁ ወገን ነው። ሰማዩ ከዳመነ ደመናው እንደ ጋቢ ሆኖ ከጨረሩ አብዛኛውን ይዞ ወደ መሬት ይመልሰዋል፤ በአየር ውስጥ ያለው የውኃ ተንም፣ ደመና ባይሠራም እንኳ፣ በመጠኑ ይኸንኑ ያደርጋል። ከጥቅምት በኋላ የሰሜንና የደቡብ ነፋሶች የሚገናኙበት ዝናብ አምጪ ቀጠና ወደ ደቡብ ስለሚሸሽ፣ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ከሰሜን ምሥራቅ በዐረቢያ በኩል የሚመጣ ደረቅ ነፋስ ይሰፍናል። ሰማዩ ይጠራል፣ አየሩ ይደርቃል፣ ጋቢው ይነሳል። በደጋው ላይ ደግሞ ከፍታው ራሱ አየሩን ስለሚያሳሳው፣ ከመሬት የሚወጣውን ሙቀት የሚይዘው የውኃ ተን የበለጠ ጥቂት ነው።

ከዚህ ጋር በሰው አፍ የሚዘወተሩ ሁለት ማብራሪያዎችን ማንሳት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ብርዱን በሌሊቱ መርዘም ብቻ የሚያስረዳው ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ በዓመቱ አጭር የሚባለው የታኅሣሥ ቀን እንኳ 11 ሰዓት ከግማሽ ያህል ይረዝማል፤ ከዓመቱ ረጅም ቀን ጋር ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስለዚህ የሌሊቱ መርዘም ድርሻ ቢኖረውም ትንሽ ነው። ሁለተኛው ምድር በዚህ ወቅት ከፀሐይ እየራቀች በመሄዷ ነው የሚለውና በማኅበራዊ መገናኛ መድረኮች ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው መልእክት ነው። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው፤ ምድር ለፀሐይ እጅግ የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ጥር መጀመሪያ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ርቀቱ ወደ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። እጅግ የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ ገደማ ሲሆን ርቀቱ ወደ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ርቀቱ ቢሆን ኖሮ ምክንያቱ፣ በታኅሣሥ ልንሞቅ ይገባን ነበር።

ቴርሞሜትሩ የቆመበት ቦታ

በየሚቲዎሮሎጂ ጣቢያው ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ አየር እንዲያሳልፍ በዝርዝር እንጨት የተሠራ ሳጥን አለ። የሙቀት መለኪያው በዚያ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። አሠራሩ ዓለም አቀፍ ነው፤ ዓላማውም የደብረ ብርሃንን ልኬት ከናይሮቢ ወይም ከኢየሩሳሌም ልኬት ጋር ማነጻጸር እንዲቻል ነው። ትንበያውም የሚናገረው ስለዚሁ ከፍታ አየር ነው።

ሰብሉ ግን የሚኖረው በአንድ ሜትር ተኩል ላይ አይደለም። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት በመጀመሪያ የሚቀዘቅዘው ጨረሩን የሚለቀው ነገር ራሱ፣ ማለትም አፈሩ፣ ሣሩና የቅጠሉ ገጽ ነው። አየሩ የሚቀዘቅዘው እነሱን በመንካት ከታች ወደ ላይ ነው። ስለዚህ በሳጥኑ ውስጥ 4 ዲግሪ በሚነበብበት ንጋት የሣሩ ገጽ ከ0 በታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል፤ በእንዲህ ያለ ሌሊት በሁለቱ መካከል የ3፣ የ4 ወይም የ5 ዲግሪ ልዩነት መኖሩ የተለመደ ነው። በርዕሱ ላይ ለተነሳው ጥያቄ የመልሱ ግማሽ ይኸው ነው።

ሌላው ግማሽ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። በተለመደው ሁኔታ ወደ ላይ በተወጣ ቁጥር አየሩ እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ያህል። በጠራ ሌሊት ግን ከመሬት አጠገብ ያለው አየር ከበላዩ ካለው የበለጠ ስለሚቀዘቅዝ ሥርዓቱ ይገለበጣል። ባለሙያዎች ይህን የሙቀት መገልበጥ ይሉታል። ክስተቱን ያለ መሣሪያ ለማየት የሚፈልግ ሰው ኅዳር 12 ቀን በማለዳ ከፍ ካለ ቦታ ሆኖ ከተማውን ቁልቁል ቢመለከት ይበቃዋል። በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሕዝብ ከፈጀው የኅዳር በሽታ ወዲህ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ጭሱ ጥቂት ከወጣ በኋላ አልነሳ ብሎ በጣሪያዎቹ ላይ እንደ ንጣፍ ይተኛል። ያን ጭስ የሚያስቆመው ከበላዩ የተቀመጠው ሞቃት አየር ነው፤ ፀሐይዋ መሬቱን ካሞቀችው በኋላ፣ ወደ 3 ሰዓት ገደማ፣ ክዳኑ ይከፈትና ጭሱ ይበተናል። (ቆሻሻን በዚያ ሰዓት ማቃጠል ለሳንባ የሚያተርፈው ነገር ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ነው።)

ቀዝቃዛ አየር ከሞቃቱ ይልቅ ከባድ በመሆኑ ሌሊቱን በዝግታ ከተረተሩ ወደ ረባዳው ይወርዳል፣ መውጫ ሲያጣም እንደ ውኃ ይጠራቀማል። ከአንድ ኮረብታ ግርጌ ያለው ማሳ ውርጭ ሲመታው ከእሱ ሃምሳ ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ሳይነካ የሚያድረው ለዚህ ነው። ከፍታ ብቻውን ሁሉን እንደማይወስን ለማሳየት ሐረማያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከፍታዋ 2,000 ሜትር ያህል፣ ማለትም ከአዲስ አበባ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ በየዓመቱ በኅዳርና በታኅሣሥ ከደብረ ብርሃንና ከመሐል ሜዳ ጋር ዝቅተኛ ሙቀት ከሚመዘገብባቸው ቦታዎች ተርታ ስሟ ይነሳል። በዙሪያዋ ካለው ከፍታ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር የሚተኛበት ዝርግ ሜዳና የምሥራቁ ደጋ ደረቅ አየር ተጋግዘው የሚሠሩት ነው። በአንጻሩ የአገራችን ገበሬ ከ3,200 ሜትር በላይ ያለውን መሬት በጥቅሉ «ውርጭ» ብሎ ሰይሞታል፤ ቆላ፣ ወይና ደጋና ደጋ ብሎ የጀመረውን አከፋፈል በዚህ ስም መጨረሱ፣ እዚያ ከፍታ ላይ ውርጭ እንግዳ ሳይሆን ባለቤት መሆኑን ይናገራል።

የአጭር ጊዜ ትንበያ እንዴት ይሠራል?

የአጭር ጊዜ ትንበያ የሚባለው ከጥቂት ሰዓታት እስከ ሦስት ቀን ድረስ ያለውን የሚመለከት ነው። መሠረቱ «ሞዴል» የሚባለው ነው፤ ይህም የአየርን እንቅስቃሴ፣ ሙቀትና እርጥበት የሚገልጹ የፊዚክስ ቀመሮችን ኮምፒዩተር እንዲያሰላ የሚያደርግ ፕሮግራም ነው። ሞዴሉ ዓለምን በአራት ማዕዘን ቁራጮች ይከፋፍላል፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የሚሰጠውም አንድ ከፍታና አንድ ሙቀት ነው። የአውሮፓ የመካከለኛ ጊዜ የአየር ትንበያ ማዕከል ዓለም አቀፍ ሞዴል የአንዱ ቁራጭ ጎን 9 ኪሎ ሜትር፣ የአሜሪካው ደግሞ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ስፋት ለሜዳማ አገር ይበቃ ይሆናል። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ ያለው ርቀት ግን 30 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ የከፍታው ልዩነት 900 ሜትር ገደማ ነው። ከጣርማ በር ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነስቶ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሳይጓዝ 1,300 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ገደሉን የሚያቋርጥ አንድ ቁራጭ የሚይዘው አማካይ ከፍታ ከላይ ያለውንም ከታች ያለውንም ሰው አይገልጽም። በስልክ ላይ የሚታዩት ብዙዎቹ መተግበሪያዎች የሞዴሉን ቁጥር፣ ወይም በኮምፒዩተር በጥቂቱ የታረመውን፣ የአካባቢውን ተፈጥሮ የሚያውቅ ባለሙያ ሳያየው ያሳያሉ። ቁጥሩ አንድና ቁርጥ ያለ ስለሆነ ደግሞ እርግጠኛ ይመስላል። በእኔ ግምት የመተግበሪያዎቹ ትልቁ ጉድለት ስህተታቸው ሳይሆን ይህ የእርግጠኝነት መልካቸው ነው።

የትንበያ ማዕከላት ራሳቸው እንዲህ አይሠሩም። የአውሮፓው ማዕከል መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጠ አንድን ስሌት 51 ጊዜ ያካሂዳል። ሃምሳ አንዱ ስሌቶች ለነገ ንጋት ተቀራራቢ ውጤት ካመጡ እምነት ይጣልበታል፤ ከተበታተኑ ሁኔታው ለትንበያ አስቸጋሪ መሆኑን ያመለክታል። ይህ መረጃ ግን ስልክ ላይ ሲደርስ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀለላል።

ታዲያ የቱ ይታመን፣ የቱ ይጠርጠር? ደረቅ አየር አገሩን መሸፈኑን፣ ሰማዩ ለሁለትና ሦስት ቀን ጠርቶ መቆየቱን፣ ወይም ከቀይ ባሕር በኩል እርጥበት ገብቶ ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ መምጣቱን ሞዴሎች በደንብ ይይዙታል። የሚቸግራቸው ሌሊቱን የሚገባ ስስ የከፍታ ደመና፣ በረባዳ ቦታ የሚሠራ ጉምና የነፋሱ መቆም ወይም አለመቆም ነው። እነዚህ ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮች የንጋቱን ሙቀት በብዙ ዲግሪ ይለውጡታል። ለምሳሌ ዛፍ ቅጠል የሚያወዛውዝ ለስላሳ ነፋስ ከበላይ ያለውን ሞቃት አየር ከታችኛው ጋር ስለሚያደባልቅ ውርጩን ሊያስቀረው ይችላል። በቆዳችን የሚሰማን ግን የተገላቢጦሹ ነው፤ ነፋሻ ሌሊት የበረደ ይመስለናል፣ ሰብል የሚጎዳው ግን ጸጥ ባለው ነው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ዘመድ ያለው ሰው በስልክ የሚሰማው የብርድ ዜናም ነገሩን ያደባልቀዋል። በሚኒሶታ የብርድ ማዕበል የሚባለው ከዋልታው አካባቢ የተነሳ ግዙፍ የቀዝቃዛ አየር ክምችት በነፋስ ተገፍቶ ሲመጣ ነው፤ ቀንም ሌሊትም፣ ኮረብታውንም ሸለቆውንም ያለ ልዩነት ያቀዘቅዛል። የደጋችን ብርድ በአብዛኛው እዚያው የሚሠራ፣ በየሌሊቱ ተወልዶ በየረፋዱ የሚሞት ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራት፣ ትንበያውም በሁለቱ ቦታ እኩል እንዲሳካ መጠበቅን ያስከትላል።

አንድ ተራ የሚመስል የስህተት ምንጭም አለ፤ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር ነው። ዝቅተኛው ሙቀት የሚመዘገበው ፀሐይ በምትወጣበት አካባቢ፣ በእኛ አቆጣጠር ወደ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። መተግበሪያዎች ቀኑን የሚጀምሩት ከእኩለ ሌሊት ሲሆን፣ አንዳንዶቹ በ«ሰኞ» ሥር የሚያሳዩት ዝቅተኛ ቁጥር የሰኞን ንጋት፣ ሌሎቹ ደግሞ ለማክሰኞ አጥቢያ የሚሆነውን ሌሊት ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሌሊቱ ሊሳሳት ይችላል።

ከሙቀቱ ይልቅ የጤዛውን ነጥብ ማየት

ስለ ውርጭ ለሚጨነቅ ሰው ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚጠቅመው «የጤዛ ነጥብ» የሚባለው ልኬት ነው። አየር እየቀዘቀዘ ሲሄድ የያዘው ተን ወደ ውኃነት መለወጥ የሚጀምርበት ሙቀት ማለት ነው። ተን ወደ ጤዛ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል፤ በዚህም ቅዝቃዜው ይገታል። ማምሻውን የጤዛው ነጥብ 7 ወይም 8 ዲግሪ ከሆነ፣ ንጋት ላይ ሣሩ በጤዛ ቢርስ እንጂ ውርጭ አይጠበቅም። ከ0 በታች ከሆነ ግን የሙቀቱን መውረድ የሚገታ ነገር የለም።

በጣም ሲደርቅ ደግሞ አመዳይ እንኳ ሳይታይ ሰብሉ ይጎዳል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ሳይኖር በውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ሕዋሳቱን ይሰብራቸዋል፤ ረፋዱ ላይ ቅጠሉ ይጠቁራል። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ ጥቁር ውርጭ የሚባለው ሲሆን፣ ጠዋት አመዳይ ስላላየ ብቻ ያመለጠ የመሰለውን ሰው የሚያታልል ነው።

የሚነሱት ክርክሮች

አንዱ ወገን የአየር ትንበያ ለእኛ መልክዓ ምድር አይሠራም፣ የአባቶች ምልክት ይበልጣል ይላል። ሌላው ምልክቱን ጊዜ ያለፈበት አድርጎ ያየዋል። ምልክቶቹን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን ክርክሩ የሚመስለውን ያህል አይሰፋም። ማምሻውን ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብቱ ከፈኩ፣ ነፋሱም ጸጥ ካለ ሌሊቱ ውርጭ ነው የሚል ገበሬ የሚናገረው ከላይ የተገለጸውን ፊዚክስ ነው፤ የራሱን ረባዳ ደግሞ ከየትኛውም ኮምፒዩተር በላይ ያውቀዋል። ችግሩ ምልክቱ የሚታየው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ መሆኑ ነው። ሞዴሉ ስለ ረባዳው አያውቅም፣ ነገር ግን ደረቁ አየር ከነገ ወዲያ እንደሚመጣ ዛሬ ይናገራል። የደረሰ ሰብል ለመሰብሰብ ሁለት ቀን ብዙ ነው።

ሁለተኛው ክርክር ምድር እየሞቀች ከሆነ ይህ ሁሉ ብርድ ከየት መጣ የሚለው ነው። በ1999 ዓ.ም. የተዘጋጀው የኢትዮጵያ የአየር ንብረት ለውጥ ማስማሚያ ብሔራዊ መርሐ ግብር እንደሚያሳየው፣ በአገሪቱ የዝቅተኛው ሙቀት አማካይ በፈረንጆቹ ከ1951 እስከ 2006 ባለው ጊዜ በየአሥር ዓመቱ 0.37 ዲግሪ ያህል ጨምሯል። ሌሊቶች በአማካይ ሞቀዋል ማለት ነው። የአማካዩ መጨመር ግን በተወሰኑ ሌሊቶች ሰማዩ እንዳይጠራ ወይም አየሩ እንዳይደርቅ አያግድም። የጉዳቱ መጠንም የሚወሰነው በብርዱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ዝናቡ ዘግይቶ በመግባቱ ዘግይቶ የተዘራ ስንዴ ወይም ባቄላ ፍሬ ሳይቋጥር ኅዳር ከደረሰበት፣ የወትሮው ውርጭ ራሱ የከፋ ጉዳት ያደርስበታል። «የዘንድሮው ብርድ የተለየ ነው» ከሚሉት ዓመታት አንዳንዶቹ ብርዱ ሳይሆን የዘር ጊዜው የተለየባቸው ናቸው።

በሰብልና በቤት ውስጥ

ውርጭ ሲጠበቅ በየቦታው ከሚደረጉት መከላከያዎች ሁሉ እኩል አይሠሩም። ጭስ ማጨስ የተለመደ ቢሆንም፣ የጭሱ ቅንጣቶች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው ከመሬት የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ጨረር እምብዛም አይመልሱትም፤ የሚጠቅም ነገር ካለ የእሳቱ ሙቀት ነው፣ እሱም በአቅራቢያው ብቻ። ውኃ ባለበት ከቀትር በፊት ማሳውን ማጠጣት ይሻላል፤ እርጥብ አፈር ቀን የበለጠ ሙቀት ይይዛል፣ ሌሊትም ቀስ እያለ ይለቃል። ችግኝን በላዩ በገለባ ወይም በጨርቅ መሸፈን ይረዳል፤ ገለባውን በሰብሉ መካከል አፈሩ ላይ ማንጠፍ ግን የአፈሩን ሙቀት ከታች ስለሚያስቀረው ውርጩን ያባብሰዋል።

በከተማ ቤት ውስጥ ያለው አደጋ ከሰብሉም የከፋ ነው። ብርዱ ሲጠና የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል፣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ይለቃል፤ ጋዙ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭሱ ማለቁ ደኅንነት አይደለም፤ ጋዙ ከፍሙም ይወጣል። የብርድ ትንበያ በተነገረ ቁጥር ይህ ማሳሰቢያ አብሮ ቢነገር ከዲግሪው ቁጥር ይልቅ ሕይወት ያተርፋል።

ትንበያው እንዴት ቢነገር ይሻላል?

በከፍታ ብዙ ለተቆራረጠ አገር አንዱን ቁጥር ወደ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች መዘርዘር ብዙውን ግራ መጋባት ያስቀራል። ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ላይ የሚነገር ትንበያ በጣቢያው መለኪያ 3 ዲግሪ እንደሚጠበቅ፣ በረባዳ ሜዳዎች ግን በሣር ገጽ ላይ ከ0 በታች የመውረድ ዕድሉ ከፍተኛ እንደሆነ፣ ይህም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ደመና ከገባ ወይም ነፋስ ከተነሳ ሊቀር እንደሚችል ቢናገር፣ ገበሬው ማምሻውን ቀና ብሎ ሰማዩን ሲያይ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል። ባለሙያው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነገሮች አስቀድሞ ሊነግረው ይችላል፤ ሦስተኛውን ከእሱ ቀድሞ የሚያየው በዚያ ሌሊት ደጅ ላይ የቆመው ሰው ነው።